አስራ አንድ መጽሐፍ፣ አንድ አንገት

ጥያቄ፦ ሰላም። ዮጋ ከጀመርኩ ስድስት ወር ሆነኝ፤ ጀምራለች ከተባለ ነው እንግዲህ። አስተማሪ ስለሌለኝ የምማረው ከመጽሐፍ ብቻ ነው። እስካሁን አስራ አንድ መጽሐፍ ሰብስቤያለሁ። የጥንቱን የህንድ የዮጋ ጽሑፍ፣ የፓታንጃሊን ዮጋ ሱትራ፣ ሦስት ጊዜ ጀምሬው ሦስቴም ከመጀመሪያው ምዕራፍ ሳላልፍ ተውኩት፤ ቃላቱ ይደራረቡብኛል። ከሁሉ የሚያናድደኝ መጽሐፎቹ እርስ በርስ አለመስማማታቸው ነው። አንዱ ዮጋ የአእምሮ ጉዳይ ነው ይላል፣ ሌላው ከዳር እስከ ዳር የሰውነት እንቅስቃሴ ፎቶ ነው። ፎቶ እያየሁ በጭንቅላቴ ለመቆም ስሞክር አንገቴን አመመኝ፣ ይኸው ሁለት ሳምንቱ። ባለቤቴ «አንቺ ስለ ዮጋ ታነቢያለሽ እንጂ ዮጋ አትሠሪም» ይለኛል፤ ይሄ ደግሞ ከአንገቴ በላይ አመመኝ። በመጽሐፍ ብቻ መማር ይቻላል ወይ? ከየቱ ልጀምር? ሳንስክሪት ማወቅ የግድ ነው? እምነቴንስ ይነካብኝ ይሆን? አንድ ትንሽ ጥያቄም አለችኝ፤ መጨረሻ ላይ ተጋድመሽ ካረፍሽ በኋላ በቀኝ ጎንሽ ተነሺ የሚል አነበብኩ። ለምን በቀኝ?

አንገተ ደንዳናዋ ነኝ

መልስ፦ አንገተ ደንዳናዋ፣ ስምሽን ሳይ ሳቅሁ፣ ስለ አንገትሽ ሳነብ ሳቄን ዋጥኩት። ስለዚህ ከአንገትሽ እንጀምር፤ ፍልስፍናው የትም አይሄድም።

በጭንቅላት መቆሙን ዛሬውኑ ተዪው። አጠገብሽ ቆሞ የሚያይሽ፣ የሚያርምሽ ሰው እስክታገኚ ድረስ ዞር ብለሽም አትዪው። ሕመሙ ሁለት ሳምንት ከቆየ ሐኪም ይየው። በተለይ ወደ ክንድሽ የሚወርድ ወይም ጣቶችሽን የሚያደነዝዝ ከሆነ ዛሬ ነገ አትበዪ። የአንገት አጥንት የተሠራው ጭንቅላትን ለመሸከም ነው፣ ሙሉ ሰው ለመሸከም አይደለም። አሠራሩን የሚያውቅ ሰው ብዙውን ክብደት በክንዱና በትከሻው ላይ ያሳርፈዋል፣ ይሄ ግን ፎቶ ላይ አይታይም። ፎቶ መድረሻውን ብቻ ነው የሚያሳይሽ። እግሩ በየት በኩል እንደተነሳ፣ ትከሻው መቼ መግፋት እንደጀመረ፣ ያ ሰውዬ እዚያች አንዲት ፎቶ ላይ ለመድረስ ስንት ዓመት ሲወድቅ ሲነሳ እንደከረመ ምንም የለበትም። (የደም ግፊት ወይም ግላኮማ የሚባለው የዓይን በሽታ ያለበት ሰው ይህን እያነበበ ከሆነ እሱም ከመገልበጥ ይራቅ።) የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ብዬ ልገስጽሽ ነበር፣ ግን እኔም ስንቱን እንዳፈሰስኩ ስለማውቅ ልለፈው።

አሁን ወደ ባለቤትሽ። ግማሽ በግማሽ ልክ ነው።

ያልተሳካለትን ግማሽ በመጀመሪያ ልንገርሽ፣ ትንሽ ደስ ይበልሽ። ፓታንጃሊ ራሱ ንባብን ዮጋ ውስጥ አስገብቶታል። የሱትራው ሁለተኛ ምዕራፍ የሚከፈተው «ክሪያ ዮጋ» በሚባል ነገር ነው፣ በእኛ አነጋገር የተግባር ዮጋ። ሦስት ነገር አንድ ላይ ይጠራል፦ ታፓስ (ትጋት፣ ራስን መግራት)፣ ስቫድያያ እና ለኢሽቫራ (ለአምላክ) ራስን መስጠት። መካከለኛው፣ ስቫድያያ፣ ጥናት ነው። ራስንም፣ ጽሑፍንም ማጥናት። ስለዚህ ዛሬ ማታ ቡና እየጠጣችሁ «ሳነብ ዮጋ እየሠራሁ ነው» ብትዪው ማስረጃ አለሽ።

ችግሩ ስቫድያያ ያኔ ምን ይመስል እንደነበር ስታዪ ነው። ጥቂት መስመር ይያዛል፤ ጮክ ብሎ ይነበባል፣ ይደገማል፣ እንደገና ይደገማል፣ በቃል እስኪወጣ፣ ከዚያም አልፎ ቃሉ ራሱ አንቺን ማንበብ እስኪጀምር። አስራ አንድ መጽሐፍ ከፍቶ ከየአንዳንዱ ሃያ ገጽ መቅመስ ሌላ ነገር ነው። እሱ ሸመታ ነው። እዚህ ላይ ነው ባለቤትሽ ልክ የሚሆነው።

አንቺ ላይ ለመፍረድ አይደለም። እኔ ስጀምር ስለ ማለዳ ልምምድ ጥቅም አልጋዬ ውስጥ ሆኜ እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት አነብ ነበር፣ ከዚያ ማለዳው እኔን ሳያገኘኝ ያልፋል። ይህን ለወራት አደረግሁት። እያወቅሁ የሄድኩ መስሎኝ ነበር፣ ደግሞም ሰው ሲጠይቀኝ አወራለሁ፣ ስምንቱን የዮጋ እርከን በጣቴ እየቆጠርኩ እዘረዝራለሁ። ከወገብሽ ጎንበስ በይ ብትዪኝ ግን ጉልበቴ ጋ ነበር የምቀረው።

ለዚህ ነገር ሱትራው ውስጥ ስም አለው፤ እኔን ከዚያ ያባነነኝም እሱ ነው። የመጀመሪያው ምዕራፍ ላይ አእምሮ የሚያደርጋቸውን አምስት ዓይነት እንቅስቃሴዎች ይቆጥራል፦ ትክክለኛ እውቀት፣ ስህተት፣ ቪካልፓ፣ እንቅልፍ እና ትዝታ። (እንቅልፍን እንደ አንድ የአእምሮ ሥራ መቁጠሩ ሁሌም ይገርመኛል።) ቪካልፓ ምንድን ነው ስትዪ፣ ከቃል የተነሳ፣ ከጀርባው ግን ምንም ነገር የሌለው እውቀት ይልሻል። ላም አለኝ በሰማይ እንደምንለው። የማልሠራውን ዮጋ በቃል መዘርዘሬ ቪካልፓ ነበር፤ ፓታንጃሊ ከሩቅ ሆኖ ያየኝ መሰለኝና አፈርኩ።

ግን እዚያው ጥቂት መስመር ከፍ ብሎ ደግሞ ትክክለኛ እውቀት በሦስት መንገድ ይገኛል ይላል፤ በቀጥታ በማየት፣ ካዩት ተነስቶ በማሰብ እና ከታመነ ቃል ወይም ጽሑፍ። እና በመጽሐፍ መማር ይቻላል ወይ ላልሽው መልሱ እዚህ አለ። ይቻላል፣ መጽሐፍ ከሦስቱ አንዱ ነውና። ብቻ ለብቻው ከቆመ ወደ ቪካልፓ ይንሸራተታል። ያነበብሽውን ሰውነትሽ ላይ ካየሽው፣ ስላየሽውም ካሰብሽ ሦስቱም ተገናኙልሽ ማለት ነው።

መጽሐፎቹ አይስማሙም ያልሽው ላይ ልቆይ፣ ምክንያቱም ይሄን ቀድሞ የነገረኝ ሰው ስላልነበረ ብዙ ተቃጥያለሁ። አንቺ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን የተቀመጡት መጽሐፎች የአንድ ዘመን ሰዎች አይደሉም። ሱትራው ከ1,500 ዓመት በላይ የሆነው ጽሑፍ ነው። በውስጡ ካሉት 195 ሱትራዎች (በአንዳንድ እትም 196) ስለ አሳና የሚናገሩት ሦስቱ ብቻ ናቸው። አሳና የሚለው ቃል ራሱ መቀመጫ፣ አቀማመጥ ማለት ነው። «ስቲራ ሱካም አሳናም» ይላል፤ አቀማመጥሽ የጸና እና ምቹ ይሁን። አለቀ። አንድም የሰውነት ቅርጽ በስም አይጠራም። ሰውዬው የሚፈልገው ሳትቁነጠነጪ ተቀምጠሽ ወደ ውስጥ እንድታዪ ነው።

ከዚያ ብዙ መቶ ዓመት ቆይቶ፣ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ግድም፣ ሀታ ዮጋ ፕራዲፒካ የሚባለው ጽሑፍ ይመጣል። ይሄኛው ስለ ሰውነትና ስለ ትንፋሽ በሰፊው ያወራል፣ ቢሆንም የሚዘረዝራቸው አሳናዎች 15 ናቸው፣ አብዛኞቹም ተቀምጠው የሚሠሩ። እንግዲህ ያ ፎቶ የሞላበት መጽሐፍሽ ውስጥ ያለው አብዛኛው ነገር፣ በተለይ ቆሞ የሚሠራው እና ከአንዱ ወደ አንዱ እየተሸጋገረ የሚፈሰው፣ መልክ የያዘው ባለፈው መቶ ዓመት ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በደቡብ ህንድ ማይሶር ቤተ መንግሥት ያስተምሩ የነበሩት ክሪሽናማቻርያ እና የእሳቸው ተማሪዎች፣ እነ አየንጋርና ፓታቢ ጆይስ፣ ናቸው ለዓለም ያዳረሱት። ይሄ አዲሱን ዋጋ ቢስ አያደርገውም፣ እኔም በየቀኑ የምሠራው እሱኑ ነው። ግን ሱትራውን ከፍተሽ ስለ ጭኑ መለጠጥ ብትፈልጊ፣ የፎቶውን መጽሐፍ ከፍተሽ ስለ ነጻነት ብትፈልጊ ሁለቱም ባዶ እጅሽን ይመልሱሻል። ተጣልተው አይደለም። የተጻፉት ለተለያየ ጥያቄ ነው።

ሱትራው ለምን እንደከበደሽም ልንገርሽ፣ አንቺ ሰነፍ ስለሆንሽ አይደለም። ሱትራ ማለት ክር ነው። ለማንበብ ሳይሆን በቃል ለመያዝ የተሠራ ነው፣ ስለዚህ ቃል ተቆጥቦበታል፤ ብዙዎቹ ላይ ግስ እንኳን የለም። ተማሪው ክሩን በቃሉ ይይዛል፣ አስተማሪው ቁጭ ብሎ ዶቃውን አንድ በአንድ ይሰካለታል። አንቺ የያዝሽው ክሩን ብቻ ነው። ስለዚህ ማብራሪያ ያለው እትም ፈልጊ፣ እያንዳንዱ ሱትራ ሥር ቢያንስ አንድ አንቀጽ ማብራሪያ ያለው። ደግሞ ከመጀመሪያው ምዕራፍ አትጀምሪ። አዎ፣ ዝለዪው። የመጀመሪያው ምዕራፍ የሚያወራው ስለ ሳማዲ፣ ማለትም ስለ ጥልቅ ተመስጦ ነው፣ አእምሮው ከወዲሁ ለሰከነ ሰው የተዘጋጀ ይመስላል። ሁለተኛው ነው እንደ እኔና እንዳንቺ መሬት ላይ ላለ ሰው። 55 ሱትራ ነው፣ እነዚያ የምትሰሚያቸው ስምንት እርከኖች መዘርዘር የሚጀምሩትም እዚያ ነው።

እሱም ከደረቀብሽ መጀመሪያ ባጋቫድ ጊታ የሚባለውን ጥንታዊ የህንድ መጽሐፍ ያዢ። ጊታ 18 ምዕራፍና 700 ስንኝ ነው፣ ግን ጭውውት ስለሆነ ይነበባል። ሁለተኛውንና ስድስተኛውን ምዕራፍ ብቻ ለአሁን። አርጁና የሚባለው ጦረኛ ጦር ሜዳ መሃል ቆሞ ግራ ይገባዋል፣ ሰረገላውን የሚነዳለት ክሪሽና ይመክረዋል። ስድስተኛው ምዕራፍ ላይ አርጁና አንጀቴን የበላበት ቦታ አለ፤ አእምሮዬ ዕረፍት የለውም፣ ነውጠኛ ነው፣ ግትር ነው፣ እሱን መያዝ ነፋስ እንደመያዝ ነው ይላል። ክሪሽና «እንዴት እንዲህ ትላለህ» ብሎ አይቆጣውም። አዎ፣ ከባድ ነው ይለዋል፤ ግን በልምምድና በመልቀቅ ይያዛል። እነዚህ ሁለት ቃላት፣ አብያሳና ቫይራግያ፣ ሱትራው ውስጥም ጥንድ ሆነው ይመጣሉ። ሁለቱ መጽሐፎች እጅ ለእጅ ሲጨባበጡ ማየት ከፈለግሽ እዚያ ጋ ነው።

የቀሩትን መጽሐፎች ምን ላድርጋቸው ትዪኝ ይሆናል። ከያማዎቹ መሃል፣ ማለትም ከስምንቱ እርከኖች የመጀመሪያው ውስጥ፣ አፓሪግራሃ የሚባል አለ። አለማግበስበስ ማለት ነው። ፍልስፍናውን ሕይወቴ ላይ እንዴት ልተርጉመው ብለሽ ከምትጨነቂ እነሱን ካርቶን ውስጥ ከትተሽ አልጋ ሥር ግፊያቸውና ሲያምሩሽ ምን እንደሚሰማሽ እዪ። አንደኛው ያማ ደግሞ አሂምሳ ነው፣ አለመጉዳት። እሱን አንገትሽ ላይ ጀምሪው።

እንዴት ላንብብ ላልሽው ያልጠየቅሽኝ ጥያቄ (መጠየቅ ነበረብሽ)፦ በቀን አንድ ሱትራ። ከተቻለ በሁለት ትርጉም። ምሳሌ ልስጥሽ። የመጀመሪያው ምዕራፍ ዝነኛ ሁለተኛ ሱትራ ቃል «ዮጋስ ቺታ ቭሪቲ ኒሮዳህ» ነው። ቺታ አእምሮ ነው እንበል። ቭሪቲ መዞር ከሚል ሥር የመጣ ነው፣ ሽክርክሪት፣ መናወጥ። ኒሮዳህ ላይ ነው ተርጓሚዎች የሚለያዩት፤ አንዱ መግታት ይለዋል፣ አንዱ ማቆም፣ አንዱ መስከን። አየሽ፣ አእምሮሽን አፍነሽ ልትይዢው ነው ወይስ ድፍርስ ውሃ እንደሚጠል ትተሽው ሊጠል? ሁለቱ አንድ አይደሉም። እኔ መስከን በሚለው ወገን ነኝ፣ ሌላ ሰው ሊከራከረኝ ይችላል። ዋናው ግን ይሄን ጥያቄ ይዘሽ ምንጣፍሽ ላይ ዐሥር ደቂቃ ብትቀመጪ፣ በግድ ስትይዢውና ስትለቂው አእምሮሽ ምን እንደሚያደርግ ታያለሽ፤ ከዚያ በኋላ ስለ ኒሮዳህ የምታውቂው የራስሽ ነገር ይኖርሻል። ማስታወሻ ደብተር ላይ ሁለት መስመር ጻፊ። ነገ ወደ ሚቀጥለው አትሩጪ፣ ካልገባሽ እዚያው እደሪ።

ሳንስክሪት ሃያ ሠላሳ ቃል ይበቃሻል፣ እሱም በራሱ ጊዜ ይገባል። እንደ ጨዋታ ነው። «አዶ ሙካ ሽቫናሳና» ስትሰሚ አፍ የሚያስር ይመስላል፤ አዶ ወደ ታች፣ ሙካ ፊት፣ ሽቫና ውሻ፣ አሳና ያው አሳና። ፊቱን ወደ ታች ያደረገ ውሻ። በቃ።

አንገትሽ ሲሻልሽ (ሐኪሙ ይሁን ካለ) ሰውነትሽን በአምስት ነገር መልሺው፦ ቀጥ ብሎ መቆም፣ በእጅና በጉልበት ሆኖ ጀርባን ማጎበጥና መለጠጥ፣ ተንበርክኮ ግንባርን መሬት ማስነካት፣ እግርን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ መተኛት፣ መጨረሻ ላይ በጀርባ ተጋድሞ ማረፍ። ሃያ ደቂቃ። መጽሐፉን እያየሽ አትሥሪ፤ አንገት እያጣመሙ ገጽ ማየት በራሱ አንገት ያሳምማል። መመሪያውን ቀስ ብለሽ በራስሽ ድምፅ ስልክሽ ላይ ቅጂውና እያዳመጥሽ ሥሪ። መጀመሪያ የራስሽ ድምፅ ያስቅሻል፣ ሦስተኛው ቀን ትለምጂዋለሽ። በእያንዳንዱ ላይ ሁለት ጥያቄ ጠይቂ፦ ጸንቻለሁ? ተመችቶኛል? አንዱ ከጎደለ አልፈሽ ሄደሻል።

ትንፋሽ ላይ ጥንቃቄ። በአራት ቆጥሮ ማስገባት፣ በስድስት ቆጥሮ ማስወጣት፣ እሱ ምንም አይልሽም። ትንፋሽ ማፈንና ሆድን እየመቱ በፍጥነት መተንፈስ ግን ከመጽሐፍ አይወሰድም። ይሄን የምለው እኔ ብቻ አይደለሁም፣ ሀታ ዮጋ ፕራዲፒካ ራሱ አንበሳ፣ ዝሆንና ነብር ቀስ በቀስ እንደሚገሩ ትንፋሽም እንደዚያው ይገራ፣ አለዚያ የሚለማመደውን ሰው ይገድላል ይላል። ፎቶ አይቶ ዝሆን የሚገራ የለም።

አስተማሪም ቢሆን በየቀኑ አያስፈልግሽም። በወር አንዴ፣ በቪዲዮ እንኳን ቢሆን፣ አምስቷን ነገር ስትሠሪ የሚያይሽና «ትከሻሽ ጆሮሽ ጋ ደርሷል» የሚልሽ ሰው ፈልጊ። የ200 ሰዓት የአስተማሪነት ሥልጠና ምስክር ወረቀት በብዛት የምታዪው ነው፣ መነሻ ነው እንጂ ብዙ አይነግርሽም። አንቺን የሚያይ ነው ወይስ ራሱን የሚያሳይ? እሱን እዪ።

እምነት። እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ሰው ያታልልሻል። አንዱ «ስፖርት ብቻ ነው፣ ምንም ሃይማኖት የለበትም» ይልሻል፤ ሱትራውም ጊታውም ከህንድ መንፈሳዊ ምድር የበቀሉ ናቸውና ይሄ እውነት አይደለም። ሌላው «ምንጣፉን ከረገጥሽ እምነትሽን ካድሽ» ይልሻል፤ ጀርባን ማፍታታትና ትንፋሽን ማርጋት ማንንም ሲያስክድ አላየሁም። ሱትራው ለኢሽቫራ ራስን መስጠትን ሲያነሳ የመጀመሪያው ምዕራፍ ላይ «ወይም» የምትል ቃል አለችው፣ ከብዙ መንገዶች እንደ አንዱ ነው እዚያ የሚያስቀምጠው። የማትፈልጊውን ዜማ አትዘምሪ፣ የማታምኚውን አትድገሚ፣ ሌላ ሰው ያመነበትን እንደሚያነብ እንግዳ በአክብሮት አንብቢ። ድንበርሽን የምታውቂው አንቺ ነሽ፣ የምትታመኚው መንፈሳዊ አማካሪ ካለሽም ጠይቂው፣ ከእኔ ይልቅ እሱ ያውቅሻል።

ለባለቤትሽ ደግሞ ከመጀመሪያው ምዕራፍ አንድ ሱትራ ብቻ አስቀድመሽ አውጪለት፣ 33ኛውን። አእምሮ ጥርት እንዲል ደስተኛውን በወዳጅነት፣ የተቸገረውን በርኅራኄ፣ መልካም ሠሪውን በደስታ፣ ክፉውን በቸልታ እይ ይላል። አንድ ሳምንት ሞክሪው። እሱን ከአራቱ የት እንደምትመድቢው የእናንተ ጉዳይ ነው።

በቀኝ ጎን መነሳቱ፦ ልብ ወደ ግራ ስለሚያዘነብል በቀኝ ሲሆን ጫናው ይቀላል የሚል ነው የሚሰጠው ምክንያት። እኔ የማየው ጥቅም ሌላ ነው፤ በጎን ዞረሽ ትንሽ ስትቆዪ ተፈናጥረሽ አትነሺም፣ ራስሽንም አያዞርሽም። ነፍሰ ጡር ብትሆኚ በተለይ በመጨረሻዎቹ ወራት ግራ ይመረጣል። አሁን ግን በየትኛውም ጎን ዙሪ፣ በእጅሽ መሬቱን ገፍተሽ ተነሺ፣ ጭንቅላትሽን መጨረሻ ላይ አንሺው። አንገትሽ ገና ነው።